ሁሉ የጠየቀው ካርድ

ጥቅምት 4 ቀን 1957

ዛሬ የ“መ”ን ካርዶች ጨረስኩ። አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። መብራህቱ፣ መሓሪ፣ መድኅን፣ መንግስትኣብ… የራሴን ስም ስድስት ጊዜ ጻፍኩት። የሌሎች መንግስትኣቦች ናቸው። እኔ እንኳ ከጉንፋን በቀር የሚያስጽፍ ነገር የለኝም።

የሆስፒታላችን ካርድ ሁሉ ወደ አማርኛ ይገልበጥ የሚለው ትእዛዝ ከመጣ ስምንት ወሩ። ጣሊያንኛውን እያየሁ በፊደል አሰፍራለሁ። ጓደኞቼ ያጉረመርማሉ። እኔም አጉረመርማለሁ፣ በልቤ። ስለ ባንዲራው፣ ስለ ምክር ቤቱ፣ ማን ሄደ ማን መጣ… እዚህ አልጽፍም። ይህን ደብተር የያዝኩት እጄን በአማርኛው ለማፍታታት ነው። ትምህርት ቤት የተማርኩት አማርኛ ለድርሰት ይበቃ ይሆናል እንጂ ለበሽታ ስም አይበቃም።

ዶክተር ሮቬሪ ሲያልፉ ቆም ብለው መሳቢያዎቹን አዩ። የደረት ክፍሉ ሽማግሌ ጣሊያን ናቸው። እኔ ሳልወለድ ጀምረው አስመራ ያሉ ይመስለኛል። ትግርኛቸው ከኔ አማርኛ ይሻላል። “ብራቮ” አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ግን በዚህ ሆስፒታል ዶክተር ሮቬሪ “ብራቮ” ያሉት ሰው ስንት ነው? ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

የመሳቢያዎቹ ቁልፍ አንድ ነው፤ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። የከተማው ሰው ግማሹ እኔ ኪስ ውስጥ ነው ማለት ነው… ይህን ለማንም አልልም፣ ይኮራል ይሉኛል። እኮራለሁ እንዴ? ትንሽ።

ጥቅምት 12

ኣቦይ ጠዓመ ካርድ ቤቱ መስኮቴ ድረስ መጡ። የአባቴ ወዳጅ፣ ፓራዲዞ ሰፈር ጎረቤታችን። ወረፋ አልያዙም፣ በጎን ነው የመጡት። ለልጃቸው የኣደይ ዘነቡን ልጅ ሊያጩ አስበዋል። ዘሯን እስከ ሰባት ቤት አጣርተዋል። የቀረው ጤናዋ ነው።

ድሮ ይህ ነገር የሚጠየቀው በመንደር ነበር። ዓዲ ጓዕዳድ ይኬዳል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ከሰባት አያት ወዲህ የሳለ ማነው፣ የሚጥለው ማን ነበር ይባላል። አሁን ካርድ አለ። ካርዱ ደግሞ እኔ ዘንድ ነው።

“ወደይ፣ ልጄ” አሉኝ ዝቅ ብለው፣ “ዓባይ ሰዓል እንዳይኖርባት ብቻ…” ትልቁን ሳል፣ የሳንባውን ማለታቸው ነው። “እወ ወይም ኣይፋል በለኝ፣ ሌላ አልፈልግም።”

ከፍቼ አየሁላቸው። “ኣቦይ ጠዓመ፣ አንድ ጊዜ ጆሮዋን፣ አንድ ጊዜ ጥርሷን ታማለች። ሌላው ንጹሕ ነው” አልኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። ወረፋ ላይ ያሉት ሁሉ ያዩ ነበር።

ጥቅምት 22

የኣደይ ዘነቡ ልጅ ዛሬ ቃል ታሰረላት፣ ታጨች። ምሳው ላይ ከሽማግሌዎቹ መካከል አስቀመጡኝ። በሠላሳ ሦስት ዓመቴ! ኣቦይ ጠዓመ የሱዋ ጠላቸውን አንስተው፣ “ይህን ነገር የጨረሰልን ካርድ ቤት ያለው መንግስትኣብ ነው” አሉ። አባቴ ወደ ሌላ ያዩ መሰሉ። ጢማቸው ግን ፈገግታውን አልደበቀውም።

ሚስቴ ሣህሊቱ ስንመለስ፣ “ዛሬ አካሄድህም ተለውጧል” አለችኝ።

ኅዳር 8

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰው ጠይቆኛል። ሁሉም ንጹሕ። ለሁሉም ነገርኩ። ደግ ነገር መናገር ምን ነውር አለው?

ኅዳር 13

የገና ጾም ቅበላ ስለደረሰ አባቴ ቤት ሥጋ ተበላ። ታናሼ ንጋሲ እጁን ሳይታጠብ ነው ነገሩን ያወጣው። ጋራዥ የሚሠራ ሰው ነው፣ ነገርም ሲያወራ ብሎን የሚፈታ ይመስላል። አንዲት ልጅ አለች። ኣምለሰት ትባላለች። የዓኽርያ ሰፈር ልጅ ናት፣ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ አውቶቡስ ሲሄዱ ኖረዋል፤ ፌርማታው ላይ ነው የተዋወቁት።

“ሽማግሌ ላኩልኝ” አለ።

“እሷስ ምን ትላለች?” አሉ አባቴ።

“ትወደኛለች። ግን ይቆይ ትላለች። መስቀል ይለፍ አለች፣ አሁን ደግሞ ገና ይለፍ አለች።”

“የጨዋ ልጅ አትቸኩልም” አሉ አባቴ ደስ ብሏቸው። አባቷ ሞተዋል፣ ያሳደጓት አጎቷ ኣቦይ ኣስፋው ናቸው። በስም ያውቋቸዋል። ቤተሰቡን ራሳቸው ሊያጣሩ ተነሡ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። የጤናዋን ነገር ቅንድባቸውን ብቻ አንስተው ጠየቁኝ። እኔም አፌ ሞልቶ ነበርና በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ኅዳር 16

ወረፋው ሲቀንስ የ“አ”ን መሳቢያ ከፈትኩ። ኣምለሰት በርሄ። ካርዷን ስቤ ግማሹን እንዳወጣሁ፣ ጥጉ ላይ የቀይ እርሳስ ጭረት።

ቀይ የደረት ክፍል ምልክት ነው። እኛ ነን የምናውቀው። መልሼ ከተትኩት። አላነበብኩም። መሳቢያውን ስዘጋ ጣቴን ያዘኝ፣ አሁን ስጽፍም ያመኛል።

ምን እላለሁ?

ኅዳር 17

ከሥራ ስወጣ አባቴ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

“እህ?”

“ኣቦይ፣ ስለሷ ምንም ማለት አልችልም።”

“አልችልም ማለት?”

“አልችልም ማለት ነው።”

ፊታቸው ተለወጠ። “ገባኝ” አሉ።

“ምኑ ነው የገባዎት? ምንም አላልኩም እኮ።”

“ገባኝ አልኩህ። ከዚህ በላይ አትናገር፣ የሰው ልጅ ናት። እግዚአብሔር ይስጥህ።”

ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ። እኔ ምስጢር የጠበቅኩ መስሎኝ… አንድ ቃል ሳልተነፍስ ሁሉን ነገርኳቸው።

ኅዳር 18

አባቴ ለንጋሲ “ይህ ነገር ይቅር” ብለውታል። ምክንያቱን አልነገሩትም። ምሳውን ትቶ ሆስፒታል መጣ፣ እጁ ላይ ግራሶው እንዳለ።

“ምን አየህ?”

የሚቀጥለውን ካርድ አነሣሁ።

“ወንድሜ አይደለህም?”

“ነኝ።”

“እንግዲያው ተናገር!”

አልተናገርኩም። እንዲህ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። ሣህሊቱም ጠየቀችኝ። ለእሷም ስላልነገርኳት ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

ነገሩ ከቤታችን ከወጣ ያች ልጅ አለቀላት። አንድ ቤት ጠይቆ የተዋትን ሁለተኛ ማን ይጠይቃታል? “ንጹሕ ናት” ብዬ ልዋሽ? ወንድሜስ? በሽታው ካለባትና ቢይዘውስ? ይህን እያወቅኩ በሠርጉ ላይ ልጨፍር ነው? ሁለቱም በኔ እጅ ናቸው። ለምን ከፈትኩት…

ኅዳር 19

ዶክተር ሮቬሪ ዘንድ ገባሁ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ስሟን ብቻ አልጠራሁም። ሲሰሙኝ እርሳሳቸውን ይቀርጹ ነበር።

“ካርዱ የማን ነው?” አሉ።

“የሆስፒታሉ።”

“ወረቀቱ የሆስፒታሉ ነው። የተጻፈበትስ?”

ኪሴ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ነካሁ።

“የልጅቷ ነው። አባትህ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ምን አላቸው? አንተስ ከማስቀመጥ በቀር ምን አለህ?”

“እኔ እኮ አልተናገርኩም ዶቶሬ። ዝም ነው ያልኩት።”

“ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ተናግረሃል?”

“የንጹሖቹን ብቻ።”

መነጽራቸውን አወለቁ። ተቆጥተው አይቻቸዋለሁ፣ በኔ ላይ ግን የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። “የንጹሖቹን የተናገርክ ቀን ነው ይህችንም የተናገርካት። ለአራት ሰው ‘ንጹሕ ናት’ ካልክ በኋላ ለአምስተኛው ዝም ብትል፣ ዝምታህ ምን ተብሎ እንዲሰማልህ ነው የፈለግከው?”

አራቱ ምርቃት፣ የሽማግሌው ወንበር… ሁሉም መጣብኝ። እንደ ምንም ብዬ፣ “ወንድሜ ቢታመምስ?” አልኩ።

“ለሰው የሚተርፍ ሕመም ያላት ብትሆን ጠርቼ የምነግራት እኔ ነኝ። እንድትነግረው የምለምናት እኔ ነኝ። እምቢ ብትል እንቅልፍ የማጣው እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ዶቶሬ የሚሉኝ። ያንተ ሥራ መሳቢያው ነው። ትንሽ ሥራ እንዳይመስልህ።”

ካርዱን አምጣ አሉኝ። ሳላየው ገልብጬ አመጣሁ። አነበቡ። ጀርባውን አዩ፣ እንደገና ፊቱን። ከዚያ የራሳቸው ጠረጴዛ ውስጥ አስገቡትና፣ “ይህ እኔ ዘንድ ይቆይ” አሉ። ምን እንዳለበት አልነገሩኝም። ቅር አለኝ። የኔ መሳቢያ ካርድ እኮ ነው… ደረጃውን ስወርድ ነው ቅሬታዬ ራሱ ያሳፈረኝ።

ከመውጣቴ በፊት ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ነበር። ወደኔ ገፉት። “የሚተካህ ሰው ይህን ስህተት ገና ሊሠራው ነው። አንተ ሠርተኸዋል” አሉኝ።

የኅዳር 16ን ገጽ ልቀደው አሰብኩ። ተውኩት፣ ስህተቴም ይቀመጥ። ደብተሩ ግን ከዛሬ ጀምሮ ተቆልፎበት ነው የሚያድረው።

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ኣደይ ዘነቡ ቤት ገባሁ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

“ደግ ተናግረህልኝ? ምን ይቅርታ አለው?”

“ሳልጠይቅዎት ነው የተናገርኩት። ልጅዎንም አልጠየቅኋትም።”

አሰቡ። “እውነትህን ነው። ማን ጠየቀን? ብትጠይቀኝ እሺ እልህ ነበር።” ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ “ምን ምን ነበር የነገርካቸው?” አሉ።

“ጆሮዋንና… ጥርሷን።”

“ለካ ለዚህ ነው! ባለፈው እሑድ አማቶቿ ቤት ሻሂዋን ያለ ስኳር የሰጧት!” ሳቃቸው መጣ። እኔ ግን አልሳቅኩም። አንድ ጥርስ እንኳ ከመሳቢያው ወጥቶ የሰው ቤት ስኳር ውስጥ ገብቷል።

ለአባቴም ነገርኳቸው። ከእንግዲህ ስለማንም አልናገርም፣ የፊተኛውም ጥፋት ነበር አልኳቸው። “ከዘነቡ ልጅ በኋላ ነው ይህ የታየህ?” አሉ። “ጥሩ ጊዜ መርጠሃል። አይዞህ፣ የዓኽርያዋን ልጅ ስም አላነሣም።” አላመኑኝም። በሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አላምንም።

ኅዳር 25

ያልጠበቅኩት ሰው መስኮቴ ላይ። የኣምለሰት አጎት፣ ኣቦይ ኣስፋው። ንጋሲ ከአባቴ ደብቆ ሄዶ፣ ሽማግሌ እስኪመጣ ታገሡኝ ብሏቸው ኖሯል። እሳቸው ደግሞ እንደ ደንቡ የኛን ቤት ሊያጣሩ መጡ።

“ካርዱ አንተ ዘንድ መሆኑን ሰማሁ” አሉኝ። “ከቤታችሁ ዓባይ ሰዓል ያለበት፣ የሚጥለው… ስለ ወንድምህም ስለ አባትህም ብትነግረኝ።”

የወንድሜ ካርድ እጄን ብዘረጋ ይደርሳል። የሕፃንነት ክንድ ስብራት ብቻ ነው፣ ሲሰበር አብሬው ነበርኩ። ዘራችንም ሰባት ቤት ድረስ ምንም የለበትም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። “እኛማ ኣቦይ ኣስፋው…” ልል። እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነው! የራስን ቤት ማመስገን። ማንንም አይጎዳ። ወንድሜም ይወደኝ ነበር።

“ስለማንም ካርድ አልናገርም” አልኳቸው።

“ስለ ገዛ ቤትህ?”

“ስለማንም።”

ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ እንደ አባቴ፣ “ገባኝ” አሉ።

ኅዳር 26

ምን አደረግኩ? ትክክል ነው። ነው እንዴ? ነው።

ታኅሣሥ 2

የፈራሁት ደረሰ። ኣቦይ ኣስፋው በሰው ልከዋል፤ “የገዛ ወንድሙ ያልመሰከረለትን ቤት እኛ አንደፍርም” ብለዋል። አባቴ ቤት ተጠራሁ። እናቴ እያለቀሰች ነው። ንጋሲ ግድግዳ ተደግፏል። አባቴ ቆመው ነው የጠበቁኝ።

“የኛ ቤት ምን ነውር አለበት? ተናገር!”

“ምንም የለበትም፣ ኣቦይ።”

“እና ለምን አልተናገርክም? ያ ሰው በሽተኞች ናቸው ብሎ ሄደ እኮ! በሰባት ቤት አንድ የሳለ የሌለውን ዘር!”

“እኔ በሽተኞች ነን አልኳቸው?”

“አላልክም!”

“ምን አልኳቸው?”

“ዝም አልከው!” ቤቱ ተናወጠ።

ከዚያ በአየር ላይ የነበረውን እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

“ዝም አልከው…” አሉ ደግመው። ይህኛው ሌላ ድምፅ ነበር። ንጋሲ ከግድግዳው ቀና አለ። “ለእኔም ዝም ነው ያልከኝ” አሉ አባቴ።

“አዎ።”

“ስለዚያች ልጅ።”

“ስለማንም፣ ኣቦይ።”

ወለሉን እያዩ፣ “ሰውን ያለ ወንጀሉ ፈረድኩበት ማለት ነው። ኣስፋው እኔ ላይ እንደፈረደው” አሉ። ወንጀል ይኑርባት አይኑርባት እኔ አላውቅም። ይህንን ግን አላልኩም። ምንም ባልል ይሻላል፣ በዚህ ሳምንት ተምሬዋለሁ።

ታኅሣሥ 4

አባቴ ከቅዳሴ በኋላ በአውቶቡስ ዓኽርያ ሄዱ፣ ብቻቸውን። ሲመለሱ እየሳቁ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች መጀመሪያ ተቆጣጥተው፣ ቀጥሎ ማን ምን እንዳላቸው ሲነጋገሩ፣ አንድ ሰው ለሁለቱም አንድ ዓይነት መስኮት እንደዘጋባቸው ደረሱበት።

“ኣስፋው ምን አለኝ መሰለህ? ‘ልጅህ ለገዛ ቤቱ ያልተናገረ፣ በኔም ልጅ ላይ አይናገርም’ አለኝ።” ትከሻዬን መቱኝ። እንደዚህ የመቱኝ ሥራ የያዝኩ ቀን ነው።

ሽማግሌ ከገና በኋላ ይሄዳል። ንጋሲ ግን አሁንም አላናገረኝም። ኣምለሰትም አሁንም “ይቆይ” ትላለች።

ታኅሣሥ 8

ዶክተር ሮቬሪ ጠርተው ደብዳቤ አጻፉኝ። በጥሩ እጅ ጽሑፌ። “ለወይዘሪት ኣምለሰት በርሄ። ስለ ራስዎ ጉዳይ በሚመችዎ ቀን ቢመጡ ደስ ይለኛል።” ሌላ የለበትም፣ ክፍሉም አልተጠቀሰም። በራሳቸው ፈርመው ራሳቸው አሸጉት።

“በእጇ ስጣት። በአጎቷ እጅ አይደለም፣ በወንድምህም አይደለም።”

ስፌት ቤቱ ሄድኩ። ከስፌት መኪናው ቀና ስትል የካርድ ቤቱ ሰው መሆኔን አወቀች፣ ፊቷ ገረጣ። ቀጭን፣ ቀጥ ብላ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ፖስታውን ሰጠኋት። “ምን እንዳለ አላውቅም” አልኳት። እውነቴን ነው። ክር እንደያዘች ተቀበለችኝ። “የቐንየለይ” አለች በቀስታ። አመሰገነችኝ ማለት ነው… ለምኑ ይሆን?

ታኅሣሥ 12

መጣች።

ሰኞ ነው፣ ወረፋው እስከ በር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አልጣለችም። ከኋላዋ ሁለት የዓኽርያ ሴቶች ቆመዋል፣ ሰላም ሲሏት ሰምቻለሁ። ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ላይ ስትቆም ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ “ኣምለሰት በርሄ። የራሴን ካርድ ፈልጌ ነው” አለች።

በዚህ ወር ስለዚህ ካርድ ስንት ሰው ጠየቀኝ! አባቴ፣ ወንድሜ፣ ሚስቴ። በራሷ ስም የጠየቀችኝ ይህች የመጀመሪያዋ ናት። ቆሜ አስተናገድኳት። ለሰው ቆሜ አላውቅም። ዶክተር ሮቬሪ ዘንድ ላክኋት።

ስትወጣ ወረፋው አልቆ ነበር። መስኮቴ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል።

“ኣያ መንግስትኣብ፣ አይተውት ነበር?”

“ጥጉን ብቻ። ማየት አልነበረብኝም። ይቅር በይኝ።”

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። መርፌውን ለወራት ተወግታለች፣ ክኒኑን ዓመት ከመንፈቅ ውጣ ጨርሳለች። መጨረሻ ላይ ራጅ ተነሥታ፣ ለውጤቱ ተመለሺ ተባለች። ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ የሰፈሯን ሰው አየች። ዞራ ወጣች። ከዚያ በኋላ እግሯ እምቢ አላት።

“ሦስት ዓመት ሙሉ በሳልኩ ቁጥር መሐረቤን ገልጬ አያለሁ። ንጋሲን ይቆይ፣ ይቆይ የምለው…” የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። “ድኛለሁ፣ ኣያ። ያኔውኑ ድኛለሁ። ካርዱ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ከኔ በቀር የሚያውቀው ቢጠፋ አይገርመኝም፣ እኔ ራሴ ሳላውቀው መቅረቴ!”

ምን እላታለሁ? በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ሦስት ዓመት። በየቀኑ አጠገቡ ተቀምጬ። ካርድ መጠበቅ ከሌላው መደበቅ ብቻ መስሎኝ… ለባለቤቱ ማድረስም አለበት ለካ።

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። “ንጋሲን ዛሬ እነግረዋለሁ። ፌርማታው ላይ። እኔው ራሴ።”

“እኔ ምንም አላውቅም” አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ዛሬ ነው።

ታኅሣሥ 13

ንጋሲ ቤቴ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ “ነገረችኝ” አለ።

“ምን አልካት?”

“ምን እላታለሁ? ‘ሦስት ዓመት ብቻሽን?’ አልኳት።” ዓይኑን ጠራረገ። ግራሶ ፊቱ ላይ ቀባ። “አንተ ግን አልነገርከኝም።”

“አልነገርኩህም።”

“ጠልቼህ ነበር።”

“አውቃለሁ።”

“ብትነግረኝ ኖሮ ከሷ አፍ አልሰማውም ነበር።” ከዚያ ገባና ራት በላ። የሣህሊቱን ሽሮ ጠርጎ በላው።

ታኅሣሥ 16

ለዶክተር ሮቬሪ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ውጤታቸውን መጥተው ያልወሰዱ ሰዎች ካርድ ለብቻው ይውጣ፣ ዘወትር ቅዳሜ እንየውና በታሸገ ደብዳቤ እንጥራቸው። “ሦስት ዓመት ይህን ያልጠየቅኩ እኔ ነኝ” አሉ፣ በራሳቸው ተቆጥተው። ከዚያ “ብራቮ”።

ከ“ሀ” እስከ “መ” ብቻ አርባ አንድ ሰው አገኘሁ። አርባ አንድ! እጄ ደከመ። ደብዳቤዎቹ ግን ያምራሉ፤ እኔ ካልኩት አይቆጠርም እንጂ።

ጥር 16

የንጋሲና የኣምለሰት ቃል ዛሬ ታሰረ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ከኣቦይ ኣስፋው ወገን አንድ ሽማግሌ እንደ ልማዱ፣ “እንግዲህ የጤናን ነገር…” ብለው ሲጀምሩ አባቴ እጃቸውን አነሱ።

“እሱን ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተጠያይቀዋል። የኛ አይደለም።”

ጉርምርምታ ተነሣ። ኣቦይ ጠዓመ ወደኔ አዩ፣ እኔ ወደ ጽዋዬ። ከሽማግሌዎቹ መካከል አላስቀመጡኝም ዛሬ። ከወጣቶቹ ጋር፣ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ከዚያ ሆኜ አባቴን አየኋቸው። እንዲህ ኮርቼባቸው አላውቅም።

ጥር 24

ወረፋው ዛሬም ረጅም ነበር። ራሴን ሳላነሣ፣ “ስም?” አልኩ።

“ሃብተሚካኤል።”

ድምፁን አውቄ ቀና አልኩ። አባቴ ናቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። በጎን አልመጡም፣ አሥራ አምስት ሰው እስኪያልፍ ቆመው ነው።

“ምን ሆኑ?” ልል አፌን ከፈትኩ። ተውኩት። ያን የሚጠይቀው ሐኪሙ ነው።

“የአባት ስም?”

የአያቴን ስም ነገሩኝ፣ እንደማላውቀው። ዕድሜ። ሰፈር። ጻፍኩ። ጽሑፌ አልተበላሸም።

ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። “ሁለት ዓመት ነው ልምጣ አልምጣ ስል የኖርኩት” አሉ በቀስታ። “ልጄ እዚያ ተቀምጦ እንዴት አድርጌ እሄዳለሁ እያልኩ። አሁን ግን አንተ ስላለህ መጣሁ።”

የሚሄዱበትን ክፍል ብቻ በእጄ አሳየኋቸው።

ወደ እኩለ ቀን ወጡ። ባርኔጣቸውን ደፉ። በመስኮቱ ሲያልፉ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልኝ፣ ሰው ለሹም እንደሚያደርገው። ምሳ ላይ እናቴ፣ “አባትህ ጠዋት የት ነበሩ?” አለችኝ። “እሳቸውን ጠይቂያቸው” አልኳት።

ካርዱን በ“ሀ” መሳቢያ አስገብቼ ቆልፌአለሁ። ወደ የትኛው ክፍል እንደላክኋቸው በዚህ ደብተርም አልጽፍም።